«ደረጃ 2» ሲባል እልል ያሉት እናቶች

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎ ከጎንደር ነው። ቅዳሜ ገበያ በርበሬና ቅመም እሸጣለሁ። ሁለት ልጆቼ ሰፈራችን ባለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ይማራሉ፤ ሴቷ 3ኛ፣ ወንዱ 6ኛ ክፍል ናቸው። ዘንድሮ በወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ህብረት ውስጥ ተመረጥሁ። 'የእጅ ጽሕፈትሽ ያምራል' ብለው ጸሐፊ አደረጉኝ።

ባለፈው ስብሰባ የኢንስፔክሽን ሪፖርት ተነበበልን። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ግማሹ ሰው ያንቀላፋል፣ ግማሹ ስልኩን ይነካካል። መጨረሻ ላይ 'ትምህርት ቤታችን ደረጃ 2 አግኝቷል' ሲባል፣ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ባለባጃጅ አባት 'ከከተማው ሁለተኛ!' ብሎ አጨበጨበ። እናቶች እልል አልን። እኔም እልል ብያለሁ፤ አልዋሽዎትም። ያረመን ሰው የለም። በነጋታው አንዲት መምህርት ለብቻዬ ጠርታ 'እልልታው ለምን ነበር?' ስትለኝ ነው ነገሩ የገባኝ። አፈርሁ።

አሁን ርዕሰ መምህሩ 'ለወላጅ በሚገባ መልኩ በአንድ ገጽ አውጭልን' አለኝ። ሪፖርቱ 34 ገጽ ነው። ሦስት ሌሊት አነበብሁት፤ የያዝሁት ነገር ጥቂት ነው። ለናሙና ሦስት መስመር ልጻፍልዎ፦ 'የተማሪ ክፍል ጥምርታ ከስታንዳርድ በላይ መሆኑ ተረጋግጧል።' 'ተከታታይ ምዘና ወጥነት ባለው መልኩ ተግባራዊ አለመደረጉ በክፍተት ታይቷል።' 'የባለድርሻ አካላት ተሳትፎ ተጠናክሮ ሊቀጥል ይገባል።'

አንዳንድ መምህራን 'ገመናችንን አደባባይ ልታወጭ ነው' ብለው አኩርፈውኛል። አንዳንድ ወላጅም 'ይህ ከተወራ ሰው ልጁን ያስወጣል' ይላል። ምን ልጻፍ? ወይስ ይቅርብኝ?

የቅዳሜ ገበያዋ እናት»

እህቴ፣ በእልልታው አትሸማቀቂ። ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅኩ። ሳቄ ካለፈ በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ።

ደረጃ የሚለውን ቃል ለወላጅ ያስተማረው ማን ነው? ትምህርት ቤቱ ራሱ ነው። ልጅሽ በየሴሚስተሩ ካርድ ይዞ ይመጣል። ካርዱ ላይ ድምር፣ አማካይ፣ ደረጃ የሚል አለ። ደረጃ 1 ማለት ከክፍሉ አንደኛ ወጣ ማለት ነው፤ ያን ቀን ዶሮ ይታረዳል። ደረጃ 2 ከሆነም እልል ነው። እንግዲህ ይኸው ትምህርት ቤት ያንኑ ቃል ገልብጦ ሲያመጣው ወላጅ በምን ይወቅ? በኢንስፔክሽን 1 ከታች ነው፣ 4 ከላይ ነው። ይህንን ሳይናገር ያነበበው ሰው ነው ማፈር የነበረበት።

አሠራሩን ባጭሩ ልንገርሽ። በ2006 ዓ.ም. በወጣው የኢንስፔክሽን ማዕቀፍ ትምህርት ቤት በ26 ስታንዳርዶች ይመዘናል። ኢንስፔክተር የሚባሉ ባለሙያዎች ክፍል ገብተው ያያሉ፣ ሰነድ ያገላብጣሉ፣ መምህር፣ ተማሪና ወላጅ ያነጋግራሉ። ከዚያ ከመቶ ነጥብ ይሰጣሉ። ከ50 በታች ያመጣ ደረጃ 1 ነው። 50 አልፎ 70 ያልሞላ ደረጃ 2። 70 አልፎ 90 ያልሞላ ደረጃ 3። 90ና ከዚያ በላይ ደረጃ 4። መስፈርቱን አሟላ የሚባለው ከ3 ጀምሮ ነው።

ስለዚህ የገጽሽ የመጀመሪያ መስመር ይህ ይሁን፦ «ትምህርት ቤታችን ካሉት አራት ደረጃዎች ከታች ሁለተኛው ላይ ነው። ትልቁ 4 ነው። መድረስ የነበረብን ቢያንስ 3 ነበር፤ አልደረስንም።» ማስተዛዘኛ አትጨምሪበት። «ምንም እንኳን አበረታች ሥራዎች ቢኖሩም» ብለሽ እንዳትጀምሪ። ሰው እሱን ከሰማ ቀሪውን አይሰማም።

ግን እዚያ ላይ አትቁሚ። አንድ ቁጥር ብዙ ነገር ይሸፍናል። እንዴት እንደሚሸፍን ላሳይሽ።

26ቱ ስታንዳርዶች በሦስት ይከፈላሉ። ግብዓት ከመቶው 25 ይይዛል፤ ክፍሉ፣ መጽሐፉ፣ ውሃው፣ የመምህሩ ብዛትና ብቃት እዚህ ነው። ሂደት 35 ይይዛል፤ ትምህርቱ እንዴት እንደሚሰጥ፣ ልጆች እንዴት እንደሚመዘኑ፣ ትምህርት ቤቱ እንዴት እንደሚመራ። ውጤት 40 ይይዛል፤ ልጆቹ ምን አመጡ፣ ስንቱ አቋረጠ፣ ጠባያቸው እንዴት ነው።

አሁን ሁለት ትምህርት ቤት አስቢ። አንደኛው በግብዓት 10፣ በሂደት 26፣ በውጤት 24 አመጣ። ሁለተኛው በግብዓት 20፣ በሂደት 18፣ በውጤት 22 አመጣ። ደምሪው። ሁለቱም 60። ሁለቱም ደረጃ 2። ለእናት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ። አንደኛው ጣሪያው ያፈስሳል፣ መምህሩ ግን ያስተምራል። ሁለተኛው ቀለሙ አዲስ ነው፣ ወንበሩ ሙሉ ነው፣ ልጁ ግን እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይውላል እንጂ ብዙም አይማርም። ለመጀመሪያው ከተማ አስተዳደሩን ትጎተጉቻለሽ። ለሁለተኛው መምህራኑንና ርዕሰ መምህሩን ቁጭ አድርገሽ ትጠይቂያለሽ። መድኃኒቱ አንድ አይደለም። ስለዚህ ከደረጃው ቀጥሎ ሦስቱን ቁጥሮች ለየብቻ ጻፊ። ከስንት ስንት እንደሆነም አስቀምጪ፤ «ከ25 ይህን ያህል» ብለሽ። ከ34ቱ ገጽ ውስጥ የትም ቢሆን ይገኛሉ፤ ብዙ ጊዜ መጨረሻ አካባቢ ባለ ሰንጠረዥ ነው የሚቀመጡት።

ወደ ሦስቱ መስመሮችሽ ልምጣ። ለጎንደር ሰው ስለ ሰምና ወርቅ ማውራት ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብኛል። ቅኔ ሰሙን ስትገልጪው ከሥሩ ወርቅ ታገኛለሽ። የቢሮ ቋንቋ ሰሙን ስትገልጪው ከሥሩ ሌላ ሰም ነው የምታገኚው። ቢሆንም እንሞክር።

«የተማሪ ክፍል ጥምርታ ከስታንዳርድ በላይ መሆኑ ተረጋግጧል።» ከላይ መሆን ጥሩ ይመስላል አይደል? «ከስታንዳርድ በላይ ነን» ተብሎ ዳግመኛ እልል እንዳይባል ፈራሁ። ነገሩ ልጆቹ ተጨናንቀዋል ማለት ነው። ለአንደኛ ደረጃ በአንድ ክፍል የሚጠበቀው 50 ልጅ ነው። በእናንተ ስንት አለ? ሪፖርቱ ውስጥ ከሌለ የሴት ልጅሽ ክፍል ገብተሽ ቁጠሪ። ከዚያ እንዲህ ጻፊ፦ «በአንድ ክፍል መቀመጥ ያለበት 50 ልጅ ነው። በእኛ 3ኛ ክፍል ይህን ያህል ልጅ ይቀመጣል። በአንድ ዴስክ ይህን ያህል ልጅ ነው።» «ይህን ያህል» ባልኩበት ቦታ የቆጠርሽውን ክተቺ። ዴስኩን እንዳትረሺ። ጥምርታ የማይገባት እናት አራት ልጅ በአንድ ዴስክ ሲባል ወዲያው ይገባታል። የልጇ ደብተር ለምን ጠርዙ ተጨማድዶ እንደሚመጣም ያኔ ይገለጥላታል።

«ተከታታይ ምዘና ወጥነት ባለው መልኩ ተግባራዊ አለመደረጉ በክፍተት ታይቷል።» ይቺ ከሦስቱ ዋናዋ ናት፤ ተደብቃ ነው የተቀመጠችው። ተከታታይ ምዘና ማለት መምህሩ በየጊዜው ልጁን እየፈተነ የት ላይ እንደተደናቀፈ ያያል፤ ከዚያ ያቺን የተደናቀፈባትን ነገር ዳግም ያስተምራል ማለት ነው። የሁለቱ ድምር ነው። ብዙ ቦታ ፈተናው አለ። በየሁለት ሳምንቱ ከ10፣ ከ15 ይሰጣል፣ ይታረማል፣ ይደመራል። ዳግም ማስተማሩ ነው የጠፋው። ልጅሽ ክፍልፋይ ላይ ከ10 ሦስት አመጣ፤ በማግስቱ ክፍሉ ወደ አስርዮሽ አለፈ። ሦስቷ እንደ ሦስት ሆና ካርድ ላይ ገባች። በእናንተም የሆነው ይህ ከሆነ እንዲህ ጻፊ፦ «ልጆቻችን በየጊዜው ይፈተናሉ። የሳቱትን ግን ዳግም የሚማሩበት ጊዜ የለም።» ይህ መሆኑን ግን ከመጻፍሽ በፊት ያቺን ለብቻሽ የጠራችሽን መምህርት ጠይቂ። ጥሩ ሰው ትመስለኛለች፤ ትነግርሻለች።

«የባለድርሻ አካላት ተሳትፎ ተጠናክሮ ሊቀጥል ይገባል።» ባለድርሻ አካላት ማለት እናንተ ናችሁ። አዎ፣ አንቺና ባለባጃጁ። አክሲዮን የገዛችሁ መስሏችሁ ከሆነ አልገዛችሁም። «ተጠናክሮ ይቀጥል» ደግሞ ሁለት ትርጉም አለው፤ አንድም ጥሩ ነው ማለት ነው፣ አንድም የለም ማለት ነው። ሌላም ችግር አለባት። ተሳትፎ የሚለውን ቃል ወላጅ ሲሰማ እጁ ወደ ኪሱ ይሄዳል። አትፍረጂበት። ለአጥር ተዋጣ፣ ለወንበር ተዋጣ፣ ለጥበቃ ተዋጣ። ለስብሰባ ስትጠሩ ግማሹ ሰው የሚቀረው ሥራ በዝቶበት ብቻ አይደለም፤ መዋጮ ፈርቶም ነው። ስለዚህ በገጽሽ ላይ በግልጽ ለይተሽ ጻፊ፤ ይህ ገንዘብ ይፈልጋል፣ ይህ አይፈልግም። የማይፈልገውን አስቀድሚ። ለምሳሌ «ማታ ማታ ልጅዎ አሥር ደቂቃ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብልዎ፤ እርስዎ ማንበብ ባይችሉም ይስሙት» የሚለው ሳንቲም አያወጣም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ትንሽ ሰዋስው ነው፣ ታገሺኝ። የሦስቱንም መስመሮች ግስ እይው። ተረጋግጧል። ታይቷል። ሊቀጥል ይገባል። ማን አረጋገጠ? ማን ሳያደርግ ቀረ? ማን ይቀጥል? ባለቤት የላቸውም። አማርኛችን ለዚህ አመቺ ነው፤ አንዲት «ተ» ፊቱ ላይ ጣል አድርገሽ ጥፋተኛውንም ኃላፊውንም ታጠፊያለሽ። «ሽንት ቤቱ አልተጠገነም።» ማነው ያልጠገነው? ስትጽፊ እያንዳንዱን መስመር «ማን?» ብለሽ ጠይቂው። መልስ ካጣሽለት ገና አልገባሽም ማለት ነው፤ ሄደሽ ጠይቂ። «ርዕሰ መምህሩ እስከ ጥር መጨረሻ ሽንት ቤቱን ያስጠግናል። ገንዘቡ ከትምህርት ቤቱ ድጎማ በጀት ነው።» እንዲህ ሲጻፍ ወላጅ በየካቲት ሄዶ በሩን ከፍቶ ማየት ይችላል።

ይህን የምልሽ ጻድቅ ሆኜ አይደለም። እኔ ራሴ ለዓመታት መምህር ነበርኩ። አንድ ዓመት የትምህርት ቤታችንን የግምገማ ውጤት ለወላጆች እንዳቀርብ ታዘዝኩ። የትምህርት ቤቱን ስም ልተወው። ሱፌን ለብሼ፣ ክራቫት አስሬ፣ አንድ ሰዓት ተኩል አነበብኩ። ጥምርታ፣ መጠነ ማቋረጥ፣ አመላካች፣ ትኩረት የሚሹ ጉዳዮች። ስጨርስ «ጥያቄ ካለ?» አልኩ። ዝም። ከዚያ ጋቢ የለበሱ አንድ አዛውንት ቀስ ብለው ተነሡ። «ልጄ፣ ደኅና አነበብህ፤ ድምፅህም ጥሩ ነው። እና ልጆቻችን ማንበብ ይችላሉ፣ ወይስ አይችሉም?» አሉኝ። ወረቀቱን አገላበጥኩ። የለም። በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ የእሳቸው ጥያቄ መልስ አልነበረውም። «በቀጣይ የሚታይ ይሆናል» አልኳቸው። እስከ ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይግላል።

የእሳቸው ጥያቄ ከየት እንደመጣ በኋላ ነው የገባኝ። እሳቸው ልጅ ሳሉ የቄስ ትምህርት ተምረዋል። የየኔታ ትምህርት ለወላጅ ግልጥ ነበር። ልጁ ፊደል ይቆጥራል። ከዚያ አቡጊዳ። ከዚያ የዮሐንስ መልእክት፣ ወንጌል፣ ዳዊት። አባትየው ራሱ አንዲት ፊደል ባይለይም ልጁ የት እንደደረሰ ያውቃል። «ዳዊት ደገመ» ከተባለ ጎረቤት ሁሉ ይገባዋል፤ ቤት ያፈራው ይደገሳል። ስንተኛ ወጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የተጠራጠረ ደግሞ ልጁን ጠርቶ «እስቲ አንብብ» ይለዋል፤ ቢሳሳት የሚያውቅ ሰው ከመንደሩ አይታጣም። የየኔታ አለንጋ ይመለስ እያልኩ አይደለም፤ እሱን ጀርባዬ ያውቀዋል። ግን ለወላጅ የሚነገረው ነገር ልጁ ምን ቻለ የሚል ነበር። ዛሬ የልጅሽ ካርድ «አማካይ 64፣ ደረጃ 27ኛ፣ ጠባይ ጥሩ» ይልሻል። 27ኛ ከማን? ካልሽ ከክፍሉ ልጆች። ማንበብ ይችላል ወይ? ካልሽ ካርዱ ዝም።

ስለዚህ በገጽሽ ላይ የሽማግሌውን ጥያቄ አስገቢ። ሪፖርቱ መልስ ባይኖረው ከክፍል ኃላፊ መምህራን ጠይቂ። «ከ3ኛ ክፍል ልጆች የክፍላቸውን የአማርኛ መጽሐፍ አንዱን ገጽ ሳይደናቀፉ የሚያነቡት ስንቶቹ ናቸው?» በይ። መምህር ይህንን በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድ በአንድ አስነብቦ ማወቅ ይችላል። አንዳንዱ አሁኑኑ ይነግርሻል። ለ6ኛ ክፍሎቹ ደግሞ የክልል ፈተና ስለሚጠብቃቸው ያለፈው ዓመት ምን ያህል ልጅ ተፈትኖ ምን ያህሉ እንዳለፈ አስቀምጪ። ሁለት ቁጥር ብቻ።

አሁን ስለ ኩርፊያው። መምህራኑ የፈሩት ነገር እውነት አለው። ዓመታት ሁሉ ሲቀጥል ሲቋረጥ በከረመ ትምህርት፣ በጠበበ ክፍል፣ ወር በማትደርስ ደመወዝ ሲሠሩ ኖረው «ደረጃ 2» ተብሎ ሲለጠፍባቸው ማን ደስ ይለዋል? ስለዚህ ገጹን ከመለጠፍሽ በፊት ለእነሱ አንብቢላቸው። የሳትሽው ነገር ካለ ያርሙሽ። የአንድም መምህር ስም አይግባ፤ «የ4ኛ ክፍል ሒሳብ» ካልሽና የ4ኛ ክፍል ሒሳብ መምህር አንድ ብቻ ከሆነ ስም መጥራትሽ ነው፤ ልብ በይ። ጥሩ የተባለላቸውንም ጻፊ፤ ግን ተጨባጭ ይሁን። «መምህራን በሥራ ሰዓት ይገኛሉ» ጥሩ ነው። «የመምህራን ተነሳሽነት አበረታች ነው» ምንም አይደለም።

ከመምህራኑ ጋር ስትቀመጪ የግለ ግምገማውንም ጠይቂ። ትምህርት ቤቶች ኢንስፔክተር ሳይመጣ በፊት ራሳቸውን ይገመግማሉ። ራሱን ሲፈትን ማን ይወድቃል? የራሳቸው ነጥብና የባለሙያዎቹ ነጥብ ተቀራራቢ ከሆነ ደስ ይበልሽ፤ ትምህርት ቤቱ ችግሩን ያውቃል ማለት ነው። በጣም ከተራራቀ ያ ራሱ አንድ መነጋገሪያ ነው። ግን እሱን ገጹ ላይ አታውጪው፤ ለህብረቱ ስብሰባ ያዢው። ሁሉን ነገር አደባባይ ማውጣት ግልጽነት አይመስለኝም።

ልጁን ያስወጣል ለሚሉት ደግሞ እንዲህ በያቸው። ማስወጣት የሚችለው ድሮውንም አስወጥቷል። የቀረነው አቅማችንም ልባችንም እዚሁ ነው። የግል ትምህርት ቤትም ቢሆን በኢንስፔክሽን ይመዘናል። ልጁን ለማዛወር የሚያስብ ወላጅ ካለ እዚያ ሄዶ «ደረጃችሁ ስንት ነው?» ይበል። «አንደኛ ነን» ካሉት አሁን ምን እንደሚል ያውቃል። በግቢው አበባና በአውቶቡሱ ቀለም እንዳይታለል «በሂደት ከ35 ስንት አመጣችሁ?» ብሎ ይጠይቅ።

ገጹ አንድ ይሁን፤ የፊት ገጽ ብቻ። ጀርባውን አትጠቀሚበት፤ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ጀርባ አይታይም። ፊደሉ ጎላ ይበል፤ እናቶች መነጽር ይዘው አይመጡም። ርዕሰ መምህሩ ይፈርምበት፣ ማህተም ይምታበት። ማህተም የሌለበት ወረቀት ሰው ወሬ ነው ብሎ ያልፈዋል። አንዱን በሩ ላይ ልጅ የሚቀበሉ ወላጆች የሚቆሙበት ቦታ ለጥፊ። አንዱን ፎቶ አንስተሽ በየክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ልቀቂ። ኔትወርክ ሲጠፋ ወይም ስልክ ለሌለው ደግሞ ለየልጁ አንድ አንድ ቅጂ ይሰጥ፤ ማታ ለቤተሰቡ ያንብብ። ወንድ ልጅሽ 6ኛ ክፍል ነው ብለሻል። አንተ አንብብልን በይው። አንብቦ ከጨረሰና አያቱ ከገባቸው ገጽሽ ጥሩ ነው። የ6ኛ ክፍል ልጅ ያንን ገጽ ማንበብ ካቃተው ደግሞ ከ34ቱ ገጽ የበለጠ ሪፖርት አገኘሽ።

ስብሰባው ላይ ግን አታንብቢው፤ ተናገሪው። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ቀሪውን ጊዜ ለጥያቄ ተዪው። ሰው ዝም ካለ አጠገቡ ካለው ሰው ጋር ሁለት ሁለት ሆኖ እንዲያወራ አድርጊ፤ በብዙ ሰው ፊት ተነሥቶ መናገር የሚያስፈራው ሁሉ ለጎረቤቱ ይናገራል። የተጠየቀውን ሁሉ ጻፊ፤ ጸሐፊ አይደለሽ? መልስ ያልተገኘለትን «ይህን ጠይቃችኋል፣ መልሱ በዚህ ቀን ይመጣል» ብለሽ በሚቀጥለው ሳምንት ከገጹ ሥር ለጥፊው።

ቀኑን ቅዳሜ እንዳታደርጉት። አንቺም ገበያ ነሽ፣ ግማሹ ወላጅም ገበያ ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይሻላል፤ ለሙስሊም ወላጆችም የሚመች ሰዓት መሆኑን ጠይቁ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ከስብሰባው በፊት ገጹን የምታሳዪው የመጀመሪያ ሰው ያ ያጨበጨበው ባለባጃጅ ይሁን። አሹፈሽበት አይደለም፤ ከዚያ ሁሉ ሰው እስከ መጨረሻው ነቅቶ ያዳመጠው እሱ ስለሆነ ነው። አንድ ቀን ከገበያ ስትመለሺ የእሱ ባጃጅ ላይ ተሳፈሪና መንገድ ላይ ንገሪው። ቤትሽ ስትደርሺ «እስቲ አሁን መልሰህ ንገረኝ» በይው። የተሳሳተባት ቦታ ላይ እርሳስሽን አውጪ።